ስለዚያ የአንገት አጥንት ነገር

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ?

የአናቶሚ መምህራችሁ «የአንገት አጥንት አይቶ ዘር መለየት ይቻላል» ማለታቸውን ከነገርሽኝ ጀምሮ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከመሬት ተነስተው የተናገሩት አይደለም። ግን ነገሩ እንደሱ ቀላል አይደለም።

ቁጥሩ ላይ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። የሰው አንገት 7 አጥንት ነው፣ የቀጭኔም የአይጥም 7 ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ዘረሰናይ ዓለምሰገድ አፋር፣ ዲኪካ ላይ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም እንኳ 7 ናቸው ያሏት።

የሚለያየው መጠኑና ቅርጹ ነው። ከአጥንቱ ወደ ኋላ የሚወጣው ጫፍ አንዳንዱ ሰው ላይ እንደ ባላ ለሁለት ይከፈላል፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ድፍን ነው። መምህራችሁ ይሄን ይመስለኛል ያነሱት። አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ከ3,000 በላይ የሰው አፅም የያዘ ስብስብ አለ፤ እዚያ ሲታይ ባላው ከጥቁሮች ይልቅ ነጮች ላይ፣ ከሴቶችም ይልቅ ወንዶች ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ግን ባላ ያለው ጥቁር ሞልቷል፣ የሌለው ነጭም እንደዚያው። አንድ አጥንት እጅሽ ላይ አስቀምጠው «የማን ነው?» ቢሉሽ ልትገምቺ ትችያለሽ እንጂ ማወቅ አትችይም።

ደግሞ ሙዚየሙ ውስጥ ያለው የማን አፅም እንደሆነ አትርሺ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1940 በፊት የሞቱ፣ አስከሬናቸውን የሚወስድላቸው ሰው ያጡ የከተማ ድሆች ናቸው። እነሱን ለክቶ ስለ አፍሪካ ሕዝብ ሁሉ መናገር አይቻልም፤ እኔን ይሄ ያናድደኛል።

ሐኪም ስትሆኚ የሚጠቅምሽ ሌላው ልዩነት ነው። ህብለ ሰረሰር የሚያልፍበት ቀዳዳ ስፋቱ ከሰው ሰው ይለያያል። ጃፓኖች ላይ በአማካይ ጠበብ ይላል፣ ከአከርካሪው ጀርባ ያለው ጅማት ወደ አጥንት የሚለወጥበት ሕመምም እነሱ ላይ በብዛት ይታያል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነርቭ ይጫናል። የሴቶች የአንገት አጥንት ደግሞ የጭንቅላት መጠናቸው እኩል ከሆነ ወንዶች ጋር ሲወዳደር እንኳ ያንሳል። መኪና ከኋላ ሲገጭ ሴቶች አንገታቸውን በብዛት የሚጎዱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ የግጭት መሞከሪያ አሻንጉሊቶቹ ግን ለረጅም ጊዜ በወንድ ቁመና ነበር የሚሠሩት።

ስለዚህ ራጁን ስታነሺ ከታማሚው አገር በፊት የራሱን ቀዳዳ ለኪ። የቀዳዳውን ስፋት ለአጥንቱ አካል ስፋት አካፍዪው፤ ከ0.8 በታች ሲሆን ጠባብ ነው ይባላል።

መምህሩንም በአክብሮት ጠይቂያቸው፦ የትኛው አጥንት፣ ከየት የመጣ፣ ስንት ሰው ላይ የታየ? የሚሉሽን ጻፊልኝ። እናትሽ በጣም ናፍቃሻለች፣ እሁድ ደውይላት።

አባትሽ