ደብዳቤ ለልጄ፦ ውሃው ከየት መጣ? መቼ ጀመረ?

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ የቤቱን ፎቶ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታ ጨርሳ አሁን ደግሞ ለማኅበሯ ሰዎች እያዞረች ነው። የወጥ ቤቱን ቀለም ግን አልወደደችውም፤ እኔ እንደነገርኩሽ እንዳትነግሪያት።

ባለፈው በስልክ ስለ ቤት ኢንሹራንሱ ስንነጋገር «ውሃንም ይሸፍናል ብሎኛል» ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። የኢንሹራንሱ ወኪል አልዋሸሽም። ነገር ግን ከቧንቧ የፈሰሰ ውሃ፣ በፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ የተመለሰ ውሃ፣ ከመሬት ሥር በግድግዳ የሰረገ ውሃና በጎርፍ የገባ ውሃ ወለልሽን እኩል ቢያበላሹትም በመድን ውሉ ፊት እኩል አይደሉም። በውሃ የተጎዱ ቤቶችን በማድረቅ ሥራ ላይ እስካሁን ስኖር የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ስንት ባልዲ ውሃ እንደፈሰሰ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። በር ከፍቶ እንደገባ የሚጠይቀው ውሃው ከየት እንደመጣና መቼ እንደጀመረ ነው። በስልክ ሲነገር ስለሚበተን ጽፌ ልልክልሽ ወሰንኩ። ቤቱን ከመረከብሽ በፊት አንብቢው፤ ከርክክቡ በፊት ቢደረግ የሚቀል ነገር አለበትና።

መቼ ጀመረ ከሚለው ልነሳ። እዚህ አሜሪካ አብዛኛው የቤት ባለቤት የሚገዛው፣ የአንቺም ይሆናል ብዬ የምገምተው፣ ኤችኦ-3 የሚባለውን ውል ነው። ይህ ውል ከቧንቧ፣ ከማሞቂያ፣ ከልብስ ማጠቢያ ወይም ከመሰል ዕቃ በድንገት፣ ሳይታሰብ ለፈሰሰ ውሃ ይከፍላል። ቀስ እያለ ለኖረ ግን አይከፍልም።

በአንድ ሰፈር ውስጥ ያደረቅናቸው ሁለት ቤቶች ነበሩ። በአንደኛው የልብስ ማጠቢያው ጎማ ሌሊት ፈንድቶ ውሃው ከላይኛው ፎቅ እስከ ሳሎን ወርዷል። ኮርኒሱ ወድቋል፣ የእንጨቱ ወለል አብጦ ተነስቷል፤ ሲያዩት ያስደነግጣል። ለእነዚያ ሰዎች ያለ ብዙ ክርክር ተከፈላቸው፤ ቤቱ እስኪጠገን የቆዩበት ሆቴል ወጪ ጭምር። በሁለተኛው ቤት የወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ብቻ ነበር። ከውጭ ሲታይ ምንም የሆነ አይመስልም። ቁም ሣጥኑን ስናነሳው ግን ግድግዳው ከኋላ ጠቁሯል፣ ጣውላው በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ያ በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለም። ገማቹ የበሰበሰውን እንጨት በመፍቻ ወጋ ወጋ አደረገ፣ ፎቶ አነሳ፣ ሄደ። ቀጥሎ የመጣው የእምቢታ ደብዳቤ ነው። ለሳምንታት፣ ለወራት ወይም ለዓመታት የተንጠባጠበ ውሃ የቤት እንክብካቤ ጉድለት ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። አንዳንድ ውሎች በግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ ባለቤቱ ሊያውቀው የማይችለውን ፍሳሽ ለይተው ይሸፍናሉ። የአንቺ ውል እንዲህ የሚል አንቀጽ እንዳለው ወኪሉን ጠይቂው፤ መልሱንም በጽሑፍ ይስጥሽ።

ሰዎችን በጣም የሚያናድድ ሌላ ነገር አለ። በግድግዳ ውስጥ ያለ ቧንቧ ቢፈነዳ፣ ግድግዳውን ለመክፈትና መልሶ ለመዝጋት፣ ለተበላሸውም ወለል ይከፈላል፤ የፈነዳውን ቧንቧ ግን የምታሠሪው አንቺ ነሽ። የውሃ ማሞቂያው ቢፈነዳ ለረጠበው ምንጣፍ ይከፍሉሻል፣ አዲስ ማሞቂያ ግን አይገዙልሽም። ደንበኞቻችን ይህን ሲሰሙ ይጮኻሉ። እኔ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ ያረጀ ዕቃ መለወጥ የባለቤቱ ሥራ ነው። የአንቺ ማሞቂያ ላይ የተለጠፈውን የምርት ዓመት እይው። አሥር ዓመት ከተጠጋ ለመለወጫው ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሪ።

ዝናብም እንደዚሁ ነው። ነፋስ የጣሪያውን ክዳን ገንጥሎ ዝናብ ከገባ ይከፈላል። ክዳኑ ከማርጀቱ የተነሳ ካፈሰሰ ግን አይከፈልም።

አሁን ከየት መጣ ወደሚለው ልምጣ፤ ለአንቺ ቤት ዋናው ይህ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተሠራ፣ ቤዝመንቱ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለው ክፍል፣ ምንጣፍ የተነጠፈለትና ግድግዳው የተለበጠ ቤት ነው የገዛሽው። በፎቶው ላይ ከፊት ለፊት ያለው ትልቅ ዛፍ ለእናትሽ ጥላ ነው፤ እኔ የታየኝ ሥሩ ነው። በዚያ ዘመን የተቀበሩ የፍሳሽ ቧንቧዎች ብዙዎቹ የሸክላ ወይም የብረት ናቸው፤ የዛፍ ሥር ውሃ ፍለጋ በመገጣጠሚያቸው ይገባል። መስመሩ ሲዘጋ የቤቱ ፍሳሽ የሚመለሰው ዝቅ ባለው ቦታ፣ ማለትም በቤዝመንቱ ወለል ላይ ባለው መውረጃ በኩል ነው። መደበኛው ውል ይህን አይሸፍንም። ከቤዝመንቱ ሥር በጉድጓድ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ውጭ የሚገፋው ሳምፕ ፓምፕ ተበላሽቶ ወይም በማዕበል ጊዜ መብራት ጠፍቶ ውሃው ከጉድጓዱ ሞልቶ ቢፈስም እንደዚያው አይሸፍንም።

ለዚህ የሚሆነው «ዋተር ባክአፕ» የሚባለው ተጨማሪ ሽፋን ነው። ዋጋው ከጠቅላላው አረቦን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ ከምትከፍዪው ክፍያ፣ ጋር ሲተያይ ብዙ አይደለም፤ ካልጠየቅሽ ግን ላይነግሩሽ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ በ5,000፣ በ10,000 ወይም በ25,000 ዶላር የካሳ ጣሪያ ይሸጣል። አደራ፣ 5,000ውን አትውሰጂ። ንጹሕ ውሃ የነካውን ምንጣፍ አንዳንዴ አድርቀን እናተርፈዋለን፤ የሽንት ቤት ፍሳሽ የነካውን ግን ምንጣፉንም፣ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅም፣ የጂፕሰሙን ግድግዳም ቆርጠን እንጥለዋለን። ያጌጠ ቤዝመንት እንዲህ ሲሆን 5,000 ዶላር ለማጽዳቱ እንኳ አይበቃም። ከቤቱ እስከ ንብረትሽ ወሰን ድረስ ያለው የተቀበረ መስመር ራሱ ቢሰበር ደግሞ ቆፍሮ ማሠራቱ የአንቺ ነው፤ ለዚያም «ሰርቪስ ላይን» የሚባል ሌላ ሽፋን አለ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ የቧንቧ ሠራተኛ በፍሳሽ መስመሩ ውስጥ ካሜራ አስገብቶ ይይልሽ። ችግር ከተገኘ ከሻጩ ጋር መነጋገር የምትችዪው የቤቱ ግዢ ውል ሳይዘጋ ነው።

ጎርፍ የራሱ ዓለም ነው። የትኛውም መደበኛ የቤት ውል አይሸፍነውም። በ1968 በሕግ የተቋቋመና አሁን በፌማ (በፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ድርጅት) የሚተዳደር ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም አለ፤ ለመኖሪያ ቤት ሕንፃ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ሕንፃውና ዕቃው ለየብቻ ነው የሚገዙት፤ አንዱን ገዝቶ ሁለቱን የገዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ መድን ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበል መምጣቱን በዜና ሰምቶ ሮጦ መግዛት አይጠቅምም። ከቤት ብድር ጋር ተያይዞ ሲገዛ ግን 30 ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ከርክክቡ በፊት ያልኩሽ ይህንን ነው።

«ባንኩ አልጠየቀኝም» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ባንክ የጎርፍ መድን የሚያስገድደው ቤቱ በፌማ ካርታ ላይ ከፍተኛ የጎርፍ ስጋት ባለበት ቀጠና ውስጥ ሲወድቅ ነው። ከቀጠናው ውጭ መሆን ስጋቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ኤሊኮት ሲቲ ከአንቺ ሩቅ አይደለችም። ሐምሌ 30 ቀን 2016 ዋናው መንገዷ በአንድ ምሽት ዝናብ ወንዝ ሆነ፤ ሰዎች ጠግነው ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ግንቦት 27 ቀን 2018 እንደገና መጣ። አድራሻሽን በፌማ የካርታ ገጽ ላይ አስገብተሽ በነፃ ማየት ትችያለሽ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ የጎርፍ መድኑ ለቤዝመንት ስስታም ነው። ለማሞቂያው፣ ለሳምፕ ፓምፑ፣ ለኤሌክትሪክ ሳጥኑ ይከፍላል፤ ለምንጣፉና እዚያ ላስቀመጥሽው ሶፋ ግን አይከፍልም። ስለዚህ የአያትሽን ፎቶዎችና የትምህርት ማስረጃሽን ወደ ላይ ፎቅ አውጪ።

ከመሬት ሥር በግድግዳ የሚሰርገውን ውሃ በመደበኛው ውል የሚከፍልልሽ አይኖርም። መድኃኒቱ አሸንዳውን ከቅጠል ማጽዳት፣ የአሸንዳው መውረጃ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንዲደፋ ማድረግና ዙሪያውን ያለውን አፈር ወደ ውጭ እንዲያዘነብል መደልደል ነው።

ሌላው የኛ ሰው በተለይ የሚጠቃበት ነገር ነው። ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት እንሄዳለን፤ እዚህ ደግሞ ያ ወር ብርዱ የሚጠናበት ነው። ሰው ለመብራትና ለጋዝ ብሎ የቤቱን ማሞቂያ አጥፍቶ አራት ሳምንት ይጠፋል። ቧንቧው በረዶ ሠርቶ ይፈነዳል፣ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው የሚያስቆመው አያገኝም። ውሉ ሰው በሌለበት ቤት ለቀዘቀዘ ቧንቧ የሚከፍለው ባለቤቱ ሙቀቱን ጠብቆ ከሆነ ወይም ውሃውን ዘግቶ ቧንቧውን አፍስሶ ከሆነ ነው። የምትሄጂ ከሆነ ቢያንስ 55 ፋራናይት ላይ ተዪው፣ ዋናውን የውሃ መዝጊያም ዝጊ፣ ለእኛም ቁልፍ ስጪን። ያቺ የጋዝ ቁጠባ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰች እኔ ነኝ የማውቀው።

አንድ ቀን ውሃ ቢያጋጥምሽ መጀመሪያ ዋናውን መዝጊያ ዝጊ። ውሃው መብራት መሰኪያ አጠገብ ከደረሰ ግን አትግቢበት። ከዚያ ምንም ሳታነሺ ሁሉንም ፎቶና ቪዲዮ አንሺው፤ ውሃው የወጣበትን ቦታ በተለይ። የፈነዳውን ጎማ ወይም ቧንቧ አትጣዪው፣ ማስረጃሽ እሱ ነው። ለኢንሹራንሱ በዚያው ቀን ደውዪ፤ ገማቹ እስኪመጣ ብለሽ ግን እርጥቡን ቤት አትጠብቂው። ሻጋታ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መብቀል ይጀምራል፣ ብዙ ውሎች ደግሞ ለሻጋታ የሚከፍሉት እጅግ የተወሰነ ነው። ጉዳቱ እንዳይባባስ ማድረግም በውሉ የአንቺ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ማድረቅ ጀምሪ፣ ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጪ። ከማዕበል በኋላ በር እያንኳኩ «እዚህ ጋ ፈርሚልን፣ ከኢንሹራንሱ ጋር እኛ እንጨርሳለን» የሚሉ ይመጣሉ። ሙያችን አንድ ቢሆንም እነሱን አላምናቸውም። የካሳ መብትሽን ለሌላ የሚያስተላልፍ ወረቀት ላይ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

ጥቂት ነገር በሆነ ቁጥር ካሳ መጠየቅም አያዋጣም። መጀመሪያ ከኪስሽ የምትከፍዪው ዲዳክቲብል 2,500 ዶላር ነው ብለሽኛል። 18,000 ዶላር ጉዳት ቢደርስ 15,500 ይሰጡሻል፤ ጠይቂ። 3,100 ቢሆን ግን የምታገኚው 600 ዶላር ነው፤ ያቺ 600 ግን ኩባንያዎች በሚጋሩት የካሳ መዝገብ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ትቆያለች፤ አረቦንሽንም ልታስወድድ ትችላለች። እንዲህ ያለውን ራስሽ አሠሪው።

አሁን የምፈልገው ወኪሉ ሙሉውን ውል እንዲልክልሽ ነው፤ ዋጋ የተጻፈበትን አንድ ገጽ ብቻ ሳይሆን የማይሸፈኑትን የሚዘረዝረውንና ተጨማሪ ሽፋኖቹን ጭምር። ወዲያው ለእኔ አስተላልፊልኝ። ዕቃሽ በመተኪያ ዋጋ ነው ወይስ እርጅናው ተቀንሶ የሚከፈለው የሚለውንም ጠይቂው፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ቁልፉን በተቀበልሽ ማግስት ከእናትሽ ጋር እንመጣለን። እሷ መስኮቶቹን ትለካለች፣ እኔ ዋናውን መዝጊያ ፈልጌ ምልክት አደርግበታለሁ። የልብስ ማጠቢያውን ጎማ ግን አንቺ አትግዢ፤ በብረት ሽቦ የተጠለፈውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

አባትሽ