በጥር ለሙሽራ ትኩስ የእጅ አበባ ያቆምንበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ኅዳር መጨረሻ ላይ በቴሌግራም የላክነው መልእክት ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። "ከዘንድሮ ጀምሮ በጥር ለሙሽራ ትኩስ የእጅ አበባ አንሠራም" ነበር ያልነው። ቀብድ ለከፈላችሁ ሙሽሮች ዱብ ዕዳ እንደሆነባችሁ ይገባኛል። ቀደም ብለን ልንነግራችሁ ይገባን ነበር፤ ለዚህ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔው ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። "ስም ስታወጡ ደንበኛ ናቃችሁ" የሚል መልእክት ደርሶኝ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ሆለታ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ማሸጊያ ክፍል ነበርኩ፤ ጽጌረዳ በዘንጉ ርዝመትና በእምቡጡ መጠን እየለየሁ በእስር በእስር አዘጋጅ ነበር። አበባ ምን ያህል እንክብካቤ እንደሚፈልግ ያወቅኩት እዚያ ነው። እንደተቆረጠ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ያድራል፣ በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ይደርሳል። ዘንጉ ያጠረው ወይም ቅጠሉ የተነካው ለአገር ውስጥ ገበያ ይቀራል። በ2002 ዓ.ም. ከእህቴ ጋር ገርጂ ላይ በአንዲት ኮንቴይነር ሱቅ ስንጀምር የያዝነው ያንን ነበር። ያንኑ አበባ መርጠን፣ አጥበን፣ እንደገና ቆርጠን ስንቱን ሙሽራ ሸኝተንበታል።

አገራችን በአበባ ኤክስፖርት ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ ናት። ታዲያ እንዴት ለሙሽራ አበባ ይጠፋል ትሉ ይሆናል። ቀን ቁጠሩልኝ። ጾመ ነቢያት ይፈታል፣ ጥምቀት ያልፋል፣ ከዚያ እስከ ጥር መጨረሻ ሠርግ በሠርግ ነው። የፈረንጆቹ የፍቅረኞች ቀን ደግሞ የካቲት 7 ላይ ይውላል። እርሻዎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ጊዜ ይህ ነው። ጥሩ ጥሩው ጽጌረዳ ልክ የኛ ሠርግ በሚደራበት ሰሞን ወደ ሆላንድ ይጫናል። ለኛ የሚደርሰው ትንሽ ነው፤ የደረሰውም ዋጋው አይቀመስም። ሪባኑ፣ ሽቦውና አበባ የምንሰካበት ስፖንጅ ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን ካለፈ ቆየ። ያም ሆኖ ዋጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደምንም እንገፋው ነበር።

ያስቆረጠኝ ሌላ ነው። አምና በጥር አንዲት ሙሽራ ነበረችን። አበባዋን ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተነስተን ሠራን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሚዜዋ ደወለች። ፎቶ የሚነሱበት መናፈሻ ስደርስ ጽጌረዳዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ሰብረዋል። ዘንጉ ውስጥ አየር ሲገባ ውኃ ወደ ላይ አይወጣም፣ እምቡጡም ከሥሩ ይታጠፋል። ያ አበባ ገበያ ሳይደርስ ስንት ሰዓት ፀሐይ ላይ እንደቆመ ማን ያውቃል? ሙሽራዋ አልተቆጣችኝም። አበባውን ከቬሎዋ ጀርባ ደብቃ ፎቶ ስትነሳ አየኋት። ያን ቀን ለእህቴ "በጥር ከእንግዲህ በቃን" አልኳት።

አሁን በምትኩ የምንሠራው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የደረቀ አበባ ነው። ጽጌረዳውን ርካሽና ጥሩ ሆኖ በሚገኝበት ወቅት ገዝተን፣ ጨለማና ነፋሻ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ዘቅዝቀን እንሰቅለዋለን። ጂፕሶፊላ ከምትባለው ደቃቅ ነጭ አበባና ከስንዴ ዛላ ጋር ሲታሰር ያረጀ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም ይይዛል። ሁለተኛው ከሸማ የሚሠራ ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማ ተቆርጦ፣ ጥለቱ የአበባው ጠርዝ ላይ እንዲመጣ ተደርጎ ይጠቀለላል።

ሦስተኛው የእህቴ ነው። ስንደዶና አለላ ይዛ፣ እንደ ሌማት በወስፌ እያንዳንዱን አበባ ትሰፋዋለች። አንዱ የእጅ አበባ ስምንት ቀን ይፈጅባታል። ርካሽ ነው አልላችሁም። ግን ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጆቻችሁ ያዩታል።

"ሰው ሠራሽ አበባ የመቃብር ነው" ያላችሁን አልተቀየምኩም። እኔም ፕላስቲክ አበባ ለሙሽራ አልሰጥም፣ ሰጥቼም አላውቅም። አንዲት እናት ደግሞ ደውለው "ልጄ፣ ለሙሽራ እርጥብ ነው ደስ የሚለው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግን ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ መኪናውና ጠረጴዛው እንደ ድሮው በትኩስ አበባ ይዋባል፤ እሱን አልተውንም። እጅ ላይ የሚያዘውም ቢሆን ከጊዜ በኋላ የመጣ ነው። እናቴ ካባ ደርባ ስታገባ እጇ ላይ አበባ አልነበረም። እርጥቡ አይቅርብን ለምትሉ፣ ጠዋት አንድ ሁለት ዘለላ ጤና አዳም መሀሉ እንሰካላችኋለን። ሲጠወልግ ተመዞ ይወጣል፤ አበባው ባለበት ይቀራል።

ቀብዳችሁን የፈለጋችሁ ሳይቀነስ ይመለስላችኋል፤ ለአንዳንዶቻችሁ መልሰናል። ግን ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ መጥታችሁ በእጃችሁ ያዙት። የታላቅ እህቶቻችሁን ሠርግ የሠራን ሰዎች ነን፤ እንዲህ በአንድ መልእክት መለያየታችን ከብዶኛል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ አለን። የስፌቱን የምትፈልጉ እስከ ታኅሣሥ 25 ንገሩን፤ እህቴ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለጥር ማድረስ አትችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት