የሰው እናት አጥበን ለምንገባ ሁሉ

ሰላም የጉለሌ ልጆች! ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዱባይ፣ ቤሩት፣ ቴል አቪቭ ያላችሁ። ይህን የምጽፈው ገንዘብ ልጠይቃችሁ ነው። መሃል ላይ ስትደርሱ እንዳትቀየሙኝ ከወዲሁ ልናገር ብዬ ነው።

የብዙዎቻችንን ሥራ እናውቀዋለን። እኔ እዚህ ሜሪላንድ የማታ ፈረቃ ገብቼ የሰው አያት አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ። ቤሩት ያላችሁትም ያው ናችሁ። በሥራዬ አላፍርም። ባለፈው ክረምት ግን አገር ቤት ሄጄ አንዲት የሰፈራችንን እናት ልጠይቅ ገባሁ። ስማቸውን አልጽፍም። ቆሏቸውን ሳይበላ ያደገ ከመሃላችሁ የለም። ልጅ የላቸውም፤ ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ አልተነሱም። ጎረቤት ምግብ አያጓድልባቸውም። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ ግን ተረከዛቸውም መቀመጫቸውም ቆስሏል። የምታስታምማቸው ልጅ ደግ ናት። የተኛ በሽተኛ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንዳለበት ግን የነገራት የለም። «እንዳላሳምማቸው ብዬ ነው የማልነካቸው» አለችኝ። እኔ እኮ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚህ ነው።

እድራችን እንዲህ ያሉ 28 አረጋውያን መዝግቧል። ድንኳኑና ድስቱ ከሚቀመጥበት ግቢ ጥግ ላይም ቦታ ሰጥቷል። እዚያ የሚሠራው ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ፣ ሙቅ ውሃ ያለው ሻወር፣ ሌላው ልብስና አንሶላ ማጠቢያ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ የግድ ነው። ግድግዳና ጣሪያውን የእድሩ አባላት ችለዋል፤ አብዛኞቹ ጡረተኞች መሆናቸውን አትርሱ። ለእኛ የቀረው የማጠቢያ ማሽኑ፣ ሮቶው፣ የውሃ ማሞቂያውና የአንድ ዓመት የአዋቂ ዳይፐር ነው።

በነፍስ ወከፍ በወር 20 ዶላር ብለናል፣ ለአንድ ዓመት። ዓረብ አገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ ደሞዛችሁን እናውቃለን። አምስትም ይበቃል። ዘንድሮ አይመቸኝም ማለትም ያለ ነው፣ ማንም አይታዘባችሁም።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተው የባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። በማንም የግል ሂሳብ አይላክ፣ በእኔም ቢሆን። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው፤ ደረሰኙን በየወሩ እናሳያችኋለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው አሠራር ከተለወጠ ወዲህ ባንኩ እንደ ድሮው ግማሽ በግማሽ አያከስርም፣ ስለዚህ በሕጋዊው መንገድ ላኩ። አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በቀጥታ ለእድር የሰጣችሁት ከታክስ አይቀነስላችሁም።

ዕቃ በሻንጣ እንላክ ለምትሉ፣ ቆይ። አምና የስኳር መለኪያ ገዝተን ልከን ነበር፣ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔው ነኝ። አብሮት የሄደው ስትሪፕ በሁለት ወር አለቀ። ለዚያ ሞዴል የሚሆን ስትሪፕ ፋርማሲ ለፋርማሲ ተፈልጎ ታጣ። መሣሪያው አሁን መሳቢያ ውስጥ ነው። የተለበሰ ካፖርትና ቀኑ ያለፈ መድኃኒትም አይሂድ። እዚያው የሚገኘውን እዚያው እንግዛ፣ የሰፈሩም ሱቅ ይጠቀም።

ከኛ ሰፈር ላልሆናችሁ አንባቢዎችም መንገድ አለ። አዲስ አበባ ስትገቡ አያት አካባቢ ያለውን መቄዶንያን፣ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከሉን፣ ጎብኙ። ብዙ ሰው ልደቱንም የሙት ዓመቱንም እዚያ ምሳ በማብላት ያስባል። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው መፈክር የነሱ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የምሳሳለት ግን ጊዜያችሁ ነው። ለገና ወይም ለክረምት የምትሄዱ ነርሶችና አስታማሚዎች፣ ሁለት ጠዋት ብቻ ስጡን። አረጋውያኑን እናንተ እጠቧቸው ማለቴ አይደለም። እናንተ ተመልሳችሁ ትመጣላችሁ፣ የሰፈሩ ወጣቶች ግን እዚያው ናቸው። እነሱን አስተምሩ። ወገባቸውን ሳይጎዱ ሰው ማንሳት፣ ሰውዬው ተኝቶ ሳለ አንሶላ መቀየር፣ የደም ግፊት መለካት። በዓላችሁ እንዳይበላሽ ቀኑን እናንተ ምረጡ፣ የቀረውን እድሩ ያዘጋጃል።

እኔ ያኔ የቀረኝ ሁለት ቀን ነበር። ቁስሉን የጤና ጣቢያ ነርስ አየችላቸው። እኔ ደግሞ ጋቢ ጠቅልዬ ከጀርባቸው ሥር እየደገፍኩ እንዴት እንደሚገላበጡ ለልጅቷ አሳየኋት። በማግስቱ ልሰናበታቸው ስሄድ ስልኳ ላይ በየሁለት ሰዓቱ የሚጮህ አላርም ሞልታለች። እማማ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኝተው ነበር፣ ድምፄን ሲሰሙ «ይኼን ስልክ ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ?» አሉኝ።