ጡሩምባው ለጥየቃም ይነፋ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ዘንድሮ 71 ሞላኝ። ዳዊት ስደግም የሰው ዕድሜ 70፣ ቢበረታ 80 የሚለው ጋ ስደርስ ድሮ ዝም ብዬ አልፍ ነበር፣ አሁን ግን ቆም እላለሁ። ሞትን ፈርቼ አይደለም፣ እሱ በፈጣሪ እጅ ነው። የሚያስፈራኝ ብቸኝነቱ ነው። በሰፈራችን ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ይዞ ይመጣል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ ሰው አይጠፋበትም፤ ያው ሰውዬ አልጋ ላይ በዋለባቸው ወራት ግን ስንቶቻችን በሩን አንኳኳን? እኔም አላንኳኳሁም። በጣም ይቆጨኛል። ቅዳሴ ላይ መቋሚያ ተደግፌም መቆም ሲያቅተኝ እሱን አስባለሁ። የእድር ዳኞቻችን በእናንተ በኩል ይስሙኝ፤ ለቀብር ጡሩምባ እንደሚነፋ ለጥየቃም ይነፋ። ከዘራዬን ይዤ ቀድሜ እወጣለሁ።