የጥለቱ ቀለም

እህት ዓለም፣

ለአባባ ለቅሶ እንኳን ሳልደውልልሽ ሦስት ዓመት ሞላ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ። ስትቆጪ ጉንጭሽ አሁንም ያብጣል?

ደግሞ የመጣሁት ለጉዳይ ነው። የእማዬ ፎቶ ትዝ ይልሻል? የጥምቀት ለት በረንዳው ላይ፣ አንቺ ከጎኗ ተቀምጠሽ፤ ጥቁርና ነጩ። ለሙት ዓመቷ ባለቀለም ይሁንልኝ ብዬ አንድ ፎቶ ቤት ሰጠሁት። በኮምፒውተር ቀብተው መለሱልኝ። ፊቷ ደህና ነው፤ የነጠላዋን ጥለት ግን ሰማያዊ አድርገውታል። ሰማያዊ ነበር እንዴ? ለኔ አረንጓዴ ይመስለኛል... ብቻ እርግጠኛ አይደለሁም።

ይህን ሆዴ ውስጥ ይዤ እሑድ ለት እዚሁ ፓሪስ ጥግ፣ ቡሎኝ፣ አልበርት ካን ሙዚየም ሄድኩ። ካን ባለባንክ ነበር። የየአገሩ ኑሮ ሳይጠፋ ይመዝገብ ብሎ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1931 ፎቶ አንሺዎችን በገዛ ገንዘቡ በየዓለሙ ላከ፤ 72,000 ባለቀለም የመስታወት ፎቶ ተሰበሰበ። ከ1929ኙ የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ ሀብቱ አለቀ፣ መስታወቶቹ ግን ተረፉ።

አንዱ ፊት ቆሜ ቀረሁ። 1913፣ አየርላንድ፣ ክላዳህ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፤ አንዲት ልጅ ቀይ ሻል ደርባ። ያነሷት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ማርጌሪት ሜስፑሌና ማድሌን ሚኞን። ቀዩ እንዴት ያለ ቀይ መሰለሽ! የፈረንሳዮቹ ፈልሳፊዎች፣ የሉሚየር ወንድማማቾች ብልሃት ነው፤ ደቃቅ የድንች ስታርች ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ቀለም ነክረው መስታወቱ ላይ ይነሰንሱታል፣ ብርሃኑ በዚያ ተጣርቶ ያልፋል። ልጅቷ ፍንክች ሳትል ለሰከንዶች መቆም ነበረባት። የሻሏን ቀለም ማንም በግምት አልቀባላትም፤ የዚያን ቀን ብርሃን ነው ያስቀረው።

እዚያው እንባዬ መጣ። የማላውቃትን ልጅ ሻል ከመቶ ዓመት በኋላ አወቅሁ፣ የናቴን ጥለት ግን አላውቅም።

አንቺ ታውቂያለሽ። ጸጉርሽን ስትሠራልሽ ራስሽን ጉልበቷ ላይ አድርገሽ የጥለቷን ክር ትመዢ ነበር፤ «ተይ አንቺ!» እያለች እጅሽን ቸብ ስታደርግሽ ይታየኛል። ያ ክር ምን ዓይነት ነበር? ዳር ዳሩን ወርቀ ዘቦ ነበረው ወይስ እኔው ጨምሬበት ነው?

ሙት ዓመቷ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ካልመጣልሽም «አልመጣልኝም» ብለሽ ጻፊልኝ፤ እንደነበረው በጥቁርና ነጩ እሰቅለዋለሁ።

ያንቺው