ለሕፃናት ክፍላችን ኦክስጅን እናዋጣ

ሌሊት ነው። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ እየሮጠች ትገባለች። ልጁ አያለቅስም። እኛን የሕፃናት ክፍል ነርሶችን ከሚጮኸው ይልቅ የሚያስደነግጠን ዝም ያለው ነው። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫው ይርገበገባል። ጣቱ ላይ ፐልስ ኦክሲሜትር (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ የሚለካ መሣሪያ) ስናደርግለት 84 ይላል። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ወዲያው ይጀመራል። ካርድ እስኪወጣ፣ የደም ምርመራ እስኪመጣ አይጠበቅም።

ግን ያለን ኮንሰንትሬተር፣ ማለትም ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣ መሣሪያ፣ አንድ ነው። እሱም ሌላ ልጅ ላይ ነው።

ስለዚህ የክፍሉ ባለሙያዎችና እዚህ ልጆቻቸውን ያሳከሙ ወላጆች ሆነን መዋጮ ጀምረናል። በዓለም ላይ የሳንባ ምች በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ይገድላል። ሆስፒታል ገብተው ከሚሞቱት ሕፃናት ብዙዎቹ የሚያልፉት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። አንቲባዮቲኩ እስኪሠራ ልጁን የሚያቆየው ኦክስጅኑ ነው።

የኦክስጅን ሲሊንደር አይበቃም ወይ ለምትሉ፦ ሲሊንደር ያልቃል፣ ማስሞላትና ማመላለስ አለው። ኮንሰንትሬተር ግን ከክፍሉ አየር ናይትሮጅኑን ለይቶ ኦክስጅኑን ይሰጣል። ከ2 ወር በታች ላለ ጨቅላ በደቂቃ ከ0.5 እስከ 1 ሊትር፣ ከፍ ላለው ከ1 እስከ 2 ሊትር ይበቃዋል። በደቂቃ 10 ሊትር የሚሰጥ አንድ መሣሪያ፣ ማከፋፈያ ከተገጠመለት፣ አምስት ልጅ ይይዛል። አምስት ልጅ! መብራት ሲጠፋ ግን ይቆማል፤ ሲሊንደሩን ለዚያ እናስቀምጠዋለን።

የምንፈልገው ሁለት ኮንሰንትሬተር ከነማከፋፈያቸው፣ ሦስት ኦክሲሜትር፣ በልጆች ልክ የተሠሩ የአፍንጫ ቱቦዎች ነው። ኦክሲሜትሩ የሕፃን መቆንጠጫ ይኑረው፤ የአዋቂው በጨቅላ ጣት ላይ ቁጥሩን ያዛባል። የስኳር መለኪያ ስትሪፕም ቶሎ ያልቅብናል። የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ ስኳሩ ሳይለካ መቆየት የለበትም።

ያገለገለ መሣሪያ ለመስጠት ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት አናግሩን። ፊልተሩና መለዋወጫው ካልተገኘ ጥግ ይዞ ይቀራል፤ ይህን አይተናል፣ ያማል። ከመዋጮው የተወሰነውን ለጥገና የምንለየው ለዚህ ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጥ ሰው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመንም ለዚሁ ነው።

ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ እንሰጣለን። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ክፍሉ በር ላይ እንለጥፋለን።