ታብሌቱ ከመምጣቱ በፊት ፕላዝማውን እናስታውስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን ስለ ስማርት ክፍልና ስለ ታብሌት ብዙ ሲወራ እሰማለሁ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቴክኖሎጂ ክፍሌ ቢገባልኝ በሁለት እጄ ነው የምቀበለው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። የፕላዝማ ትምህርት ገና አዲስ ነው። ክፍላችን ውስጥ ባለ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለአገሩ ተማሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ቤተ ሙከራ ያልነበረን ልጆች የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይናችን ያየነው በእሱ ነው። ችግሩ፣ ስርጭቱ አንዴ ከጀመረ አለመቆሙ ነው። ጥያቄ ይሰጠናል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ገና ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። መምህራችን እንዳልገባን ፊታችን ላይ እያየ ማቆም አይችልም፤ ለእሱ የቀረችው መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ናት። መብራት ከሄደ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ተምረው የመጡ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እዚያ ክፍል ውስጥ ዝም ሲሉ አይቻለሁ። ሰነፎች አልነበሩም። የሚጠብቃቸው ስላልነበረ ነው።

መምህር ስሆን እኔም ያንኑ አደረግሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማየት የተሳነው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል መጣልኝ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ «ይህ ለዚህ ሲካፈል ይህን ይሰጠናል» እላለሁ። እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ‹ይህ› የሚሉት የትኛውን ነው?» አለኝ። ደነገጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምጽፈውን ሁሉ በቃል እናገራለሁ፦ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ሬዚስታንስ ይሰጠናል። የሰርኪዩቱን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ ሥዕል ደግሞ ካርቶን ላይ ክር በሙጫ ለጥፌ በጣቱ እንዲከተለው ሰጠሁት። ያልጠበቅሁት ነገር ግን ከኋላ ወንበር መጣ። ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ሰሌዳው በደንብ የማይታያቸው፣ ጽሑፌን ማንበብ የሚቸግራቸው ልጆች «አሁን ይገባናል» አሉኝ። ለአንድ ልጅ ያሰብኩት ለስንቱ ተረፈ።

ቀጥዬ በስልኬ አምስት አምስት ደቂቃ የሚሆን ማብራሪያ በአማርኛ መቅዳት ጀመርኩ፤ መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ። ኢንተርኔት ያለው በቴሌግራም ይወስዳል፣ የሌለው በሜሞሪ ካርድ። በገበያ ቀን እናቷን የምታግዝ ተማሪ አለችኝ፣ ማታ ደጋግማ ሰምታው ትመጣለች። ድምፁን ማቆም ትችላለች፣ ወደ ኋላ መመለስ ትችላለች። ፕላዝማው የከለከለን ይህንን ነበር። ፈተና ላይም አንዳንድ ጥያቄ በጽሑፍ ወይም በቃል እንዲመልሱ እፈቅዳለሁ። ባልደረቦቼ «ማድላት ነው» ይሉኛል። ጥያቄው ያው ነው፣ የምፈልገው እውቀትም ያው ነው፣ ታዲያ የቱ ላይ ነው ያዳላሁት?

ስለዚህ ዕቃውን የሚገዙትን፣ ትምህርቱን የሚያዘጋጁትን እለምናለሁ። ቪዲዮው አጫጭር ይሁን፣ ማቆሚያው በመምህሩ እጅ ይሁን፣ ያለ ኢንተርኔትም ይከፈት። መጻሕፍቱን ፎቶ አንስታችሁ ፒዲኤፍ ነው አትበሉን፤ ኤንቪዲኤን የመሰለ በነፃ የሚገኝ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ስክሪን ሪደር እያለ፣ ገጹ ፎቶ ከሆነ ለዓይነ ስውር ተማሪ ባዶ ወረቀት ነው። ሥዕል ካለ በቃል ይገለጽ። መምህራንንም አንድ ቀን አዳራሽ ሰብስባችሁ ስላይድ አሳይታችሁ ሥልጠና ሰጠን አትበሉ፤ የገዛ ትምህርታችንን ይዘን መጥተን፣ በዕቃው እየሠራን፣ እየተሳሳትን እንማር።

ከመግዛታችሁ በፊት ደግሞ አንዱን ናሙና ይዛችሁ እንደኔ ወዳለ ክፍል ኑ። 60 ተማሪ ይቀመጥ፣ መብራት ይጥፋ፣ የማያየውም፣ እንግሊዝኛ የሚከብደውም፣ ትናንት የቀረችውም እዚያው ይሁኑ። እነሱን ጠይቋቸው።

የፊዚክስ መምህር፣ ከሐዋሳ